የመጨረሻዋ ፊደል

ሶሐር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ክፍል ሁለት መቶ ዘጠኝ።
ውጭው አርባ አራት ዲግሪ፣ እኔን ግን በረደኝ፤
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
የወደቡ ክሬን በመስኮቱ ወላፈን ውስጥ ይዋኛል።
ሠላሳ አንድ አንገት ስልክ ላይ ተደፍቷል።
በፊት «ዝጉ!» ነበር የምለው፣
ዘንድሮ «ክፈቱ» ነው።

አምስት ጥያቄ። ማርክ የለውም።
ስም አውጡ አልኳቸው፣ ማን ማን እንደ ሆነ አይታወቅም።
ሰሌዳው ላይ ብቅ ብቅ አሉ፦
«ኒሳን ፓትሮል»፣ «እንቅልፌ መጣ»፣
«የጨረቃ ድመት»፣ «ከነዕድ»፤
ከነዕድ ዓሣ ነው፣ ጎሕ ሲቀድ
ባሕሩ ዳር በሪያል የሚጫረቱበት።

ቀዩ ዘንግ አደገ፣ አደገ፣ ጣራ ሊነካ።
ሃያ ሁለቱ ስተዋል ለካ!
ደስ አለኝ።
ትናንት «ገባችሁ?» ስላቸው
«አዎን ሚስ» ያሉት እነዚሁ ናቸው።

እኔ ያደግሁት በካርድ ነው፤
ሰኔ ሠላሳ፣ ሰልፍ ላይ፣ በድምፅ ማጉያ፣
«ከስልሳ ስምንት ሃምሳ አንደኛ!»
የቱ ጋ እንደ ሳትኩ የነገረኝ የለም።
አባዬ በሩ ላይ ተቀብሎ አነበበው፤
አጥፎ መለሰልኝ። ምንም አላለም።
ክረምቱን ሙሉ ምንም አላለም።

ማታ የድምፅ ሥራቸውን አዳምጣለሁ።
መሣሪያው ቀድሞኝ አርሞታል፦
ከነዕድ፣ አርባ አንድ በመቶ።
«ፓርክ» በል ሲለው «ባርክ» ይላል።
ቀይ። ይደግማል።
ቀይ። ይደግማል።
በአሥራ አራተኛው የጀልባ ሞተር ተነሣ፣
አንድ ሰውዬ ጮኸበት፣ መረብ ተጎተተ፣
ከዚያ በሹክሹክታ፣ ከጨለማው ውስጥ፦
«ባርክ።»

አረብኛ ፐ የላትም።
የእኛም ብትሆን ከገበታው ግርጌ ቆማ የቀረች፣
ከሁሉ ኋላ የተቆጠረች ናት።
አባዬ እስኪሞት «ቦሊስ» እንዳለ ነው፤
ማንም ዜሮ አልሰጠው፣
ቦሊሶቹም ሲጠራቸው ይሰሙት ነበር።

አርባ አንዱን ልሰርዘው ሞከርኩ። እንቢ አለ።
ከሥሩ ግን ጠባብ ሳጥን አለ፤ እዚያ ጻፍኩ፦
«ወረቀት ከአፍህ ፊት ያዝ።
ከንፈርህን ግጠም፣ ከዚያ ሻማ እንደምታጠፋ ልቀቀው።
ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ መጣች ማለት ነው።
ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ቅዳ።»

እሑድ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ
የካፌ ደረሰኝ አፍንጫው ሥር ይዞ አየሁ፤
የዲሽዳሻው እጅጌ ላይ የዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።
ጁለንዳ!
መዝገቤ ላይ «አይሳተፍም» ብዬ የጻፍኩበት።
ደረሰኙ እንዳለ ነው፣ አልተነቃነቀም።

ጎንበስ ብዬ «መጣች?» አልኩት።
«ባዕደኒ፣ ሚስ።»
ገና ነኝ ማለቱ ነው በነሱ አፍ።
እኔ ግን ባዕድን ሰማሁ፤
ስምንት ዓመት በነዋሪነት መታወቂያዬ
ኪሴ ውስጥ ይዣት የዞርኩትን ቃል።
ለካ እዚህ «ገና» ኖራለች።

«ባደኒ» ብዬ ደገምኩለት።
ፈገግ አለ፣ ራሱን ነቀነቀ።
ዐ አለችን እኛ፣ እንጽፋታለን፣
ከጉሮሯችን ከወጣች ግን ስንት ዘመን!
«ባደኒ።»
«ገና ነሽ» አለኝ፣ ደረሰኙን ዝቅ አድርጎ፤
«እጅሽን እዚህ፣ አንገትሽ ላይ፣ ሚስ።
ቀስ በይ። ሰዓት የለውም።»