ልባስ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ቆርቆሮ መቺ ነኝ፤ ጣራ ነው የኔ እውቀት።
ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ላይ ቆሜ
ዝናብ ስከለክል ያለቀብኝ ዕድሜ።
ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ራቁቱን አይኖርም፣
ዚንክ ካልለበሰ ክረምት አይሻገርም።
ምስማር ቢበሳው፣ መቀስ ቢቧጭረው፣
ቀድሞ ሞቶለት ነው ዚንኩ የሚያኖረው።

ይህን አውቅ ነበር።
ስለ ጣራ።

ትርሲት ዐሥራ ሦስት ሞላት። የበሩ መቃን ላይ
በጠመኔ ያሰመርኩት ሁለት ዓመት ቆመ፤ አልቀረበም ለሰማይ።
ደሟን የወረሰችው ከኔም ነው፣ ከእናቷም፤
ግማሽ ግማሽ ነበር፤ እኛን አሞን አያውቅም።
ሁለቱ ግማሾች እሷ ላይ ሲገጥሙ
ሙሉ በሽታ ሆኑ፣ ታላሴሚያ ነው ስሙ።
በየወሩ ትቀበላለች የማታውቀው ሰው ደም፤
አብሮት ብረት ይገባል፤ መግቢያ አለው፣ መውጫ የለም።

ሰፈርተኛው ፊቷን አይቶ «ደም ማነስ ነው» ይላል፤
አዴ ጉዲሴ ቀይ ስር ይዘው፦ «ቀይ ጤፍም ብረት አለው ይባላል።»
እሺ እላለሁ። ምን ብዬ ላስረዳ?
ብረት አይደል ያነሳት፤ ብረት ነው የሆነባት ዕዳ።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ ስለ ምግብ ሲጠይቃት
«ሽሮው ጨው የለውም» አለች። እናቷን ክው አደረጋት።
ዘነቡ! ጨው ቆጥባ የማታውቅ ሴት፤
ስንት ሌሊት ለውሃ ተነሥቻለሁ በወጧ ምክንያት።

ደሟ ተቀዳ። ናሙናው ባሕር ተሻገረ።
እኛ ቃሊቲን ለመሻገር ሁለት ታክሲ እንቀይራለን።
በስድስተኛው ሳምንት ወረቀቱ መጣ፦
ብረት፣ ከጣራ በላይ።
መዳብ፣ ትንሽ ከፍ ያለ።
ዚንክ፣ ከወለሉ በታች።

«ዚንክ?» አልኩ። «የኔ ዚንክ?»
«ያው ራሱ» አለ ዶክተር ይትባረክ። «ሰውም ይለብሰዋል፤
ብናኝ ታህል ናት፤ ስትጎድል ግን ቁመት ይቆማል፣
ምላስ ጣዕም ይረሳል፣ ጭረት ሳይሽር ይከርማል።
ማታ ማታ የሚሰጣት ብረት አውጪው መድኃኒት
ሌባ ሊይዝ እንደገባ ፖሊስ ነው፤ ይዞት ይወጣል የቤቱንም አባት።»

ያን ሌሊት ዘነበ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣራዬን ሰማሁት፤
የራሴን ቤት ቆርቆሮ፣ ዝጎ እስከዛሬ ያልቀየርኩት።
ስንቱን ቤት አለበስኩ፤ ልጄን ራቁቷን ተውኳት፣
ስል ለራሴ፣ ድምፅ ሳላወጣ መሰለኝ—
«አላወቅክም። እኔም አላወቅኩም» አለች ዘነቡ በጨለማው።
ነቅታ ነበር ለካ።

አሁን በቀን አንዲት ነጭ ክኒን ትውጣለች፣ ከምሳ በፊት።
አዲሱ ቁጥር ገና ነው፤ ቀጠሮው ለመስከረም።
ግን ትናንት ማታ ጉርሻዋን ይዛ፣ ፊቷን ቋጥራ
«እማ፣ ጨው አብዝተሻል» አለች።
ዘነቡ እንዳልሰማ ሰው ድስቱን አንሥታ ጓዳ ገባች፤
ብዙ ቆየች።

እኔ ጠመኔውን ከኪሴ አውጥቼ መቃኑ ጋ ደረስኩ።
መልሼ ከተትኩት።
ክረምቱ ይለፍ።