ቅጠሉን የሚያራግፍ ጥድ

የበር ማጠፊያ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ከጓዳው ጥግ ላይ፣
አንድ አሮጌ ሰርቨር፣ አረንጓዴ መብራቱ እንደ ድመት የሚያይ።
ልነቅለው ነው የመጣሁት፤ ገመዱን በእጄ ይዣለሁ፤
ባለ ሱቋ ዘሊያ ዕድሜውን ብትጠይቀኝ፣ ቆሜ አወራለሁ።

ሁል የምትባል ከተማ፣ ከኦታዋ ወንዝ ማዶ፣
ጥር ነበር፣ ደጃፉን እስከ ጉልበት የዋጠው በረዶ፤
ከልብስ ማጠቢያ ቤት ሥር፣ እንፋሎት ግድግዳ ሲያልፈው፣
ሬዣን ላካስ ሊኑክስን እንደ ጥጥ ዳምጦ ነደፈው።
ኦዲል ደግሞ ፈተለችው፣ ሰባት ጥያቄ አድርጋ፤
ዓለም በሁለት ሺህ ኮምፒዩተር ያብዳል ብላ ስትሰጋ።
አንድ ሲዲ ትከታለህ፣ ሰባቱን ትመልሳለህ፣ አበቃ፤
ከመጋዘን የተጣለው ሳጥን አቧራውን አራግፎ ነቃ።
ፋይል ያኖራል፣ ኢሜይል ያደርሳል፣ ሌባ ከበር ይመልሳል፤
አገልጋይ ነው፤ ደመወዝ አያነሳም፣ ሲጠሩት ግን ይደርሳል።

ለባንክ አልነበረም፣ ለሚኒስቴርም አልነበረም ሥራቸው፤
ለጥርስ ሐኪሙ፣ ለጎማ ሻጩ፣ ለሬሳ ገናዡ ጎረቤታቸው፣
ባለሙያ መቅጠር ለማይችሉት፣ ማታ ማታ ለሚቆጥሩ ሳንቲማቸው።

ስሙን ታማራክ አሉት። የዚያ አገር ጥድ፣
ግን እንደ ሌላው ጥድ ያልሆነ፣ በመከር ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የሚወርድ፤
ሞቷል ብሎ እንግዳ ሰው መጥረቢያ የሚስልበት፣ ሊያነድ።
ኦዲል ናት ያወጣችው። ዛፉን ስለምትወድ እንጂ ለትንቢት አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት አንድ የስልክ ኩባንያ መጣ፣ ከረባት አስሮ፤
ገዛቸው። ስም ቀየረ። ሬዣንን ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው፣ በመስታወት አጥሮ።
ከዚያ ሌላ ገዛው፣ ከዚያም ሌላ፤ በመጨረሻ የስድስት መስመር ደብዳቤ፦
«አላዋጣም።» ሬዣን አንብቦ ሳቀ አለች ኦዲል፤ እኔ ግን አላምንም ከልቤ።

ግን ክፍት ምንጭ ነበር፤ እንስራውን ገዙት እንጂ ምንጩን ማን ይሸጣል?
አንዱ በድንጋይ ሲደፍነው፣ ሌላው ከታች ጎንበስ ብሎ ይጠጣል።
ኢንቨርካርጊል፣ ከምድር ጫፍ፣ ጡረታ የወጣችው ናይሪ፣
ግሮኒንገን፣ የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ሹሙ ፍሬርክ፣ ያ ቆጣሪ፣
ለአንዲት የጠፋች ነጠላ ሰረዝ ዘጠኝ ሌሊት ተቀባበሉ፤
ተጣሉም እንጂ! ማን ሾመህ፣ ማን ፈቀደልህ፣ ተባባሉ፤
ግማሾቹ ኮብልለው ሌላ ስም አወጡ፤ ደህና ናቸው አሉ።
እኔም አንድ ገጽ መመሪያ ጽፌያለሁ፣ ስለ ማተሚያ ማሽን። ስህተት ነበረው።

ከዚያ ደመና መጣ፤ በወር የሚከፈልበት፣ ሰማይ ላይ የተሠራ ጎተራ፤
ጥርስ ሐኪሙ ሄደ፣ ጎማ ሻጩም፣ ተራ በተራ፤
ገናዡ ብቻ ቆየ፦ «የሟች ስም እንዴት ልላክ፣» አለ፣ «ወደማላውቀው ስፍራ?»

ይኸው ነው፣ ወይዘሮ ዘሊያ። ይህኛው ሺህ አራት መቶ ቀን አልተኛም።
«ስንት ከፈልንበት?» «ምንም።» «ምንም?» ብላ ዝም፤ ደግማ አልጠየቀችኝም።
ከመደርደሪያ አንድ ማጠፊያ አንስታ አጠፈች፣ ዘረጋች፤
«ሰው በሩን ያያል እንጂ ይህን ማን ያያል?» አለች።

ሰኞ እመለሳለሁ አልኩና ገመዱን ባለበት ተውኩት።
ውጭ ኅዳር ነው። ታማራኮቹ ራቁታቸውን፤ አንዱን የማዘጋጃ ቤት ሰው
ደርቋል ብሎ ቀይ ቀለም ቀብቶታል፣ እንዲቆረጥ።
በጥፍሬ ቅርፊቱን ፋቅ አደረግሁ።
እርጥብ ነው። ጣቴን ላስኩት።