ማስቲሽ

ከፖ ወንዝ ተነሥቶ የኅዳሩ ጭጋግ
ክሬሞናን ውጦ፣ ሳይተው አንዲት ጥግ፣
ብስክሌት እየገፋሁ ደረስኩ ከኤርሜስ ቤት፤
ሰማያዊ ብረት፣ የአቲልዮ ቅርስ ናት።
እሱ ካረፈ አራት ዓመቱ። ሚስቱ ኢኔስ፣
“ውሰጂና ንጂያት” አለች፣ “ዝገት ሳይጨርስ።”
ሥራዬም ኢኔስ ናት፦ ጧት በአሥራ ሁለት
ክኒን መቁጠር፣ ጉልበት ማሸት፣ መስኮት መክፈት።

ኤርሜስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ጎማውን ዳሰሰው፣ እንደ ሐኪም፣ ቀስ ብሎ።
“ደርቋል። ቱቦላሬ ነው፤ ዙሪያውን የተሰፋ፤
ከቸርኬው የሚያዝ በማስቲሽና በተስፋ።”
“ሌላም አለ” አልኩት፤ “ጠርዝ ያለው ቸርኬ፣
ኮፐርቶን የሚነክስ፤ እሱ ይሆናል ልኬ፤
ከመነዳሪው ቢበሳ መንገድ ዳር ይለጠፋል።”
ቀና ብሎ አየኝ። ማን ይህን ይጠብቃል?
ማኑብሪ፣ ራጂ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣
የኛ ናቸው ብዬ፣ ሕፃን ሆኜ ገና፣
ናዝሬት ከጎሚስታው ደጅ የለቀምኳቸው ቃላት፤
እሱ ግን ሳቀ፣ የጠፋ መፍቻው እንደተገኘለት።

“ስሚኝ” አለ ከዚያ፣ “አቲልዮን አውቀዋለሁ፤
በነጭ አቧራ መንገድ ስንቴ ጀርባውን አይቻለሁ።
በዚህ ጎማ ስትሄጂ ጠጠሩ ስሙን ይነግርሻል፤
መንገዱ ሐር ይሆናል፣ ጎማው ያዜምልሻል።
ያኛው? እንደ ጋሪ ነው።”
“ቢበሳብኝስ ታዲያ?”
“ነቅለሽ ሌላ ትለጥፊያለሽ።”
“የተበሳውስ?”
“ስፌቱን ትፈቺና
ከውስጥ ጠግነሽ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ።”
“በስንት ሰዓት?”
ዝም አለ።

ማስቲሹ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ ሌሊቱን ያድራል።
ጎረቤቱ ቫዮሊን ሠሪ ነው፤ የሙጫው ሽታ ይመጣል
በግድግዳው ስንጥቅ። በዚህ ከተማ
ለመድረቅ የሚቸኩል ነገር የለም።
እኔ ግን አውቶቡስ ሳይጀምር ነው ሥራዬ።

የደረቀውን ጎማ ይዤ ገባሁ። ወጥ ቤት፣ ገበታው ላይ፣
ጨርቁን ልጬ በምላጭ ስከፍተው፦ ክሩ ቀይ፣
ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ የሹራብ ክር፤
ዐሥራ ሦስት ጥግን፣ ሁሉም ጥብቅ፣ ሁሉም በመስመር።
ይህ እጅ ፔዳል አይመታም፣
ይህ እጅ አዝራር የሚተክል ነው።

በማግስቱ ክኒኗን ይዤ ጠየቅኋት።
ውሃውን ጠጣች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ቆየች።
“እሑድ እሱ ይወዳደራል፣ ሰኞ ሌሊት እኔ እሰፋለሁ።
መርፌው ወፍራም ነው። ስንቴ ጣቴን ወግቻለሁ!
ቀዩ ክር ሲያልቅብኝ ሹራቤን ተረተርኩ።
ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ እሱና ብስክሌቱ፤
እኔ አለሁ እዚያው፣ ከጨርቁ ሥር፣ ከስፌቱ።”
“ታዲያ የቱን ልግጠም?”
መስኮቱን አየች።
“ማንም የማይሰፋውን።”

ኤርሜስ ሠላሳ ስድስት ራጂ አንድ በአንድ ወጠረ፤
እየተራገመ፣ ግን አንዱንም ሳያዛባ አከረረ።
አሮጌዎቹን ቸርኬዎች ኢኔስ ከጓሮ ተከለቻቸው፤
በሚያዝያ የአደንጓሬ ሐረግ ወጣባቸው።

እውነቱን ልናገር፦ የኔዎቹ ይከብዳሉ።
አንድ እሑድ ኤርሜስ የራሱን አውሶኝ ነበር፤
በወንዙ ግድብ ላይ ነዳሁት፣ ብቻዬን፤
ያዜማል። እንዳለው ያዜማል።
መለስኩለት፤ “ደህና ነው” አልኩት፣ ሌላ አልተናገርኩ።

ግንቦት ላይ ከዚያው ግድብ ሚስማር ወጋኝ።
ብስክሌቷን ገለበጥኩ፣ ጎማውን ፈለቀቅኩ፣
ከመነዳሪውን ስቤ፣ ፍቄ፣ ለጥፌ፣ ነፋሁ።
ዘግይቼ ስገባ ኢኔስ ከበሩ ቆማለች።
“ስንት ደቂቃ ፈጀ?”
“ዐሥራ አንድ።”
አልሳቀችም። እጄን ያዘች፣ ወደ ብርሃን አዞረች፣
ጥላሸት የነካውን ጣቴን፣ አንድ በአንድ፣
ጫፍ ጫፉን አየች።