በቅርቡ

ቁልፉ ዛሬም አለ፣ እኔው ቤት ተሰቅሎ፤
«መልስ» እንኳ ሳይለኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ችላ ብሎ።

ሃያ ስምንት ዓመት፣ በቫልፓራይሶ ዳገት፣
ሰው ሳወጣ፣ ሰው ሳወርድ፣ አይቼው ነበር ሕይወት፤
ዓሣ አስጋሪ ከነመረቡ፣ ሙሽራ ከነቬሎዋ፣
ነፍሰ ጡር ምጥ የያዛት፣ ተማሪ ከነቦርሳዋ፣
የሞተም ጭምር አውርጃለሁ፣ ሳጥኑን በቁም ደግፌ፤
ትኬት አልቆረጥኩለትም፤ ያ ብቻ ነው ሕግ መተላለፌ።

ከዚያ አንድ ሰኞ መጡና አንጠለጠሉ ሰሌዳ፦
«ለጥገና ተዘግቷል። በቅርቡ ይከፈታል።»
ቀን የለው፣ ፊርማ የለው፣ የማንም አይደል ዕዳ።

«በቅርቡ» ስድስት ዓመት ሆነው።
«በቅርቡ» ሲሉ የተወለደው የጎረቤቴ ልጅ፣
ዘንድሮ ፊደል ለየና፣ አነበበው ቆሞ ከደጅ።

አሳንሰሩ ቆሞ ቀረ፤ ሰውንም አሳነሰው፤
ደረጃው ግን ሥራ አልፈታም፤ ሁለት መቶ አርባ ስምንት ነው።
ይህን ያህል ባለ ደረጃ በሞላበት ከተማ ላይ፣
ባለ ጎማ ወንበሩ ሰው ያው ነው፤ ከደረጃው በላይ።

ሊሳንድሮ ኦያርሱን፣ ጎረቤቴ፣ የሰዓት ጠጋኝ፣
ከወደቡ ክሬን አደጋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚያገኘኝ፤
ጎማውን በእግሬ ደግፌ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብዬ
አስገባው ነበር። አሁንማ የምጠይቀው በግድግዳ ነው፣ «አለህ ወይ?» ብዬ።
ደንበኞቹ ሰዓታቸውን ይልኩለታል በቅርጫት፤
የሁሉም ሰዓት ተስተካክሎ ይወርዳል፤
የእሱ ብቻ ቆሟል፣ እዚያው ዳገት።

ኦርቴንሲያ፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ፊርማ አሰባሰበች፤
ስምንት ጊዜ ጻፈች፤ በስምንተኛው «ቅሬታችሁ ይሰማል» የምትል ወረቀት መጣች።
ሊሳንድሮን አራት ሆነን በትከሻችን አወረድነው፤
እሱ ሲቆጥር፣ እኛ ስናቃስት፣ ማዘጋጃ ቤት አደረስነው።

ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ።
የሕንጻው አሳንሰር፦ «ለጥገና ተዘግቷል።»
ሊሳንድሮ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ ጥበቃው እንኳ ደንግጧል።

ላይ ቤት ጸሐፊው ተጣራ፦ «አመልካች ሊሳንድሮ ኦያርሱን?»
«ታች ነው» አለች ኦርቴንሲያ።
«‹አልቀረበም› ብለህ ጻፍ» አለ ሰብሳቢው፣ እያስተካከለ ክራቫቱን።
ታች ያለው ባለ ወንበር፣ ላይ ያለው ሊቀ መንበር፤
በሁለቱ መካከል ስድሳ አንድ እርከን፣ አንድ የተቆለፈ በር።

እኔ ስብሰባ አላውቅም፤ ገመድ ነው የማውቀው፤
ገመድ ሲላላ ከላይ አይታይም፤ ታች ያለውን ነው የሚጨንቀው።

ኦርቴንሲያ ተነሣች። «ገንዘብ የለም ብላችኋል፤ እሺ።
ብሎን የለም፣ መሐንዲስ የለም፤ እሺ።
ስም ግን አለ አይደል? ሰሌዳው ላይ ‹በቅርቡ› ያለው ማነው?
የሰውዬውን ስም ጻፉልን፤ የምንጠይቀው እሱን ነው።»

ሲሾም የሞላው አዳራሽ፣ ሲጠየቅ ባዶ መሰለ፤
በመጨረሻ አንድ ወጣት፣ ከጥግ፣ «እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ።

የትራንስፖርት ምክትል ኃላፊው፣ ባልታሳር ኢቱራ፤
ጆሮው እንደቀላ ነበር ቅዳሜ ሲመጣ፣ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ያንን ተራራ።
መቶ ሠላሳኛው ላይ አገኘሁት፣ ጫማውን አውልቆ፤
«ስንት ቀረኝ?» አለ። «መቶ አሥራ ስምንት» አልኩት።
አንገቱን ደፋ፣ ተሳቅቆ።

አሁን ሰሌዳው ላይ ስሙ አለ፣ ስልኩም፣ በሰማያዊ ቀለም።
አሳንሰሩ? ገና ነው። ቀኑን እንኳ አልነገረንም።
ልጁ ግን ሲያልፍ ያነበዋል፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ክፍል ስም ጥሪ፤
ሊሳንድሮም ይደውላል፣ «ዛሬ ሰኞ ነው» ይለዋል፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ።

እኔ ትናንት ቁልፉን አወረድኩት፤
ዝገቱን በአሸዋ ፈተግኩት፤
ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤
መልሼም ሰቀልኩት።