ሦስት ወይስ ስምንት

አስላክ ካረፈ ወዲህ ሁለት በረዶ ቀልጧል፤
የሥራ ቤቱ ሳንቃ በእርጥበት አብጧል።
በትከሻዬ ገፍቼ ሳይወድ ከፈትኩት፤
ሚዛኑን ከአቧራው ሥር ፈልጌ አወጣሁት፣
እርሳስ ማቅለጫውን፣ የናስ ቀለሁን፣
ያን በሲባጎ የታሰረ ጥቁር ደብተሩን።

ጠመንጃው ግን ያው ነው፤ ከምድጃው በላይ፣
እንዳረጀ ውሻ ዐይን ጨፍኖ የሚያይ።
አንድ ጥይት ጎራሽ፤ ሁለተኛ አያውቅም፤
ለሳተ ሰው ይቅርታ በሆዱ አይደብቅም።
የአስላክ ቅድመ አያት፣ በወታደርነት፣
ዓመታት ተሸከመው፣ ሰው ላይ ሳይተኩስበት።

ቅዳሜ ኦትራ ወንዝ ዳር ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤
ያረጀ ብረት ይዘው፣ ባረጀ ዐይን ያልማሉ።
አስላክ ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ እኔ ልሂድ አልኩ፤
ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩ።

ጋውተ ሰምቶ መጣ፣ ቆርቆሮ በጁ ይዞ፣
ጫማውን ሳይፈታ፣ ጉበኑን ተመርኩዞ፦
«ይኼ አዲሱ ባሩድ ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው፤
ከጥቁሩ ግማሹን ብቻ ስፈሪና ሞክሪው።»
ዝም አልኩት።
ይኼ ብረት ሲቀጠቀጥ ያ ባሩድ አልተወለደም፤
ያላወቁትን እንግዳ ጓዳ ማስገባት አይለመድም።
ደግሞስ የዩርድን ግራ እጅ በዚህ ሸለቆ ማን ረሳ?
የጓንቱ ሁለት ጣት ባዶ፣ ሰላም ሊል እጁን ሲያነሳ።

ደብተሩን ገለጥኩ።
በአስላክ ጽሑፍ ቀን፣ ንፋስ፣ የአረሩ ክብደት፣
ሰም ከበግ ሞራ ጋራ የተቀየጠበት፣
ቀጥሎ የባሩዱ ልክ፤ እዚያች ቦታ ግን
የቅባት ጣት አርፎ አጨልሞታል ቁጥሩን።
ስድሳ ሦስት?
ስድሳ ስምንት?
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተኝቼ፣
ሦስቱን ከስምንቱ አልለይም አይቼ።

ትንሹን ይዞ መቅረት ነው፤ «ፈሪ ለናቱ»፤
ትዝ አለኝ ግን አስላክ፣ እንዲያ ሲነሳ ጣቱ፦
«ያነሰ ሁሉ ደኅና ነው ያለሽን አትመኚ፤
ጥቁር ባሩድ ባዶ ቦታ አይወድም፣ ስሚኝ።
በአረርና በባሩድ መኻል አየር ከተኛ፣
ብረት የሚሰነጥቅ እሱ ነው፣ ያ ዝምተኛ።»
ስለ ባሩድ ብቻ ያወራ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ለደብተሩም ለጋውተም እንቢ አልኩ።
ለስላሳ እርሳስ ቀጥቅጬ በአፈሙዙ አሳለፍኩ፤
ሸንተረሩ የተወበትን እንደ ደብዳቤ አነበብኩ።
ቀለሁን አንድ በአንድ ከመብራት ፊት አዞርኩ፤
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለባቸውን ሦስት ጣልኩ።
ከስድሳ ሦስትም ዝቅ ብዬ ሰፈርኩ፣ ደግሜ መዘንኩ፤
የጎደለውን በበቆሎ ዱቄት እስከ አንገቱ ሞላሁ፣
አረሩን በአውራ ጣቴ እስኪነካው ድረስ ገፋሁ።
ባዶ አልቀረም። አንዳችም።

ቅዳሜ ሰማዩ እንደ እርሳስ ከብዶ ዋለ።
የመጀመሪያዋን ከአሮጌ ጎማ ላይ አስሬ፣
ቃታውን በሲባጎ ሳብኩ፣ ከግንድ ጀርባ ተሰውሬ።
ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ይሳቁ።
ጥርስም ጣትም አላቸው፤ ይቁጠሩት ስቀው ሲያበቁ።

ሁለተኛዋን በትከሻዬ።
ነጭ ጭስ ተነሥቶ ወንዙን ከዐይኔ ጋረደ፤
አረሩ ዒላማው ሳይደርስ ከሣሩ ላይ ወረደ።
«ሳትሽ፣ ራንቬይግ!» አለ ጋውተ።
ጓንቴን አውልቄ ዐሥሩንም አሳየሁት።

ማታ በፈላ ውኃ በርሜሉን ሳጥበው፣
ማድ ቤቱን የበሰበሰ ዕንቁላል ግማት ሞላው፤
የአስላክ የቅዳሜ ጠረን። መስኮት አልከፈትኩም።

ከዚያ ደብተሩን ሳብኩ። ከጨለመው ቁጥር ሥር
የዛሬውን ልክ ጻፍኩ፣
በአኃዝ ሳይሆን በፊደል፣ ሳልቸኩል፣
መጀመሪያ
ጣቴን በቀሚሴ አድርቄ።