የተገለበጠው ጀልባ

ቺሎዌ ደሴት ላይ፣ በቺሌ ደቡብ ጫፍ፣
ዝናብ እንደ ጎረቤት በማይጠፋበት ደጃፍ፣
አንዲት ቤተክርስቲያን አለች፣ ሁለመናዋ እንጨት፣
ነፋሱ ሲነካት የምታቃስት ሌሊት።

በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፣ ባሕሩ ሲፈቅድ፣ የምደርሰው፤
የከረመውን ሕፃን ላጠምቅ፣ የከረመውን ሙት ልፈታ፣ ለሚጠብቀኝ ሰው።
ሥላሴን ማስረጃ ሦስት ምሳሌ ነበረኝ፣ የክፋትን ምንጭ ለሚጠይቅ ሁለት፤
ለልጆች ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከረሜላ ነበር የምይዝላቸው፤ ዝም እንዲሉበት።

ያን ጧት የሰበክሁት ስለ ሕፃናት ነበር፤
ትሕትናቸውን አርባ ደቂቃ ስተነትን፣ ስዘረዝር፣
ሕፃናቱን በየእናታቸው ጭን እንቅልፍ ጥሏቸው ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወጣ ወደ ድግሱ፣
ድንችና ዛጎል በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ወደሚበስልበት፣ ወደ ጢሱ።
የንባብ መነጽሬን ረስቼ ብመለስ፣ ከወለሉ መሐል በጀርባዋ ተኝታ፣
አንዲት ልጅ አገኘሁ፣ እጆቿን ዘርግታ።

ኤደልሚራ ናት፤ የጀልባ ሠሪው የኤሊዮዶሮ የመጨረሻ ልጅ፤
ሁለት ጥርስ የጎደላት፤ አንዱን ካልሲ አጥልቃ፣ ሌላውን ይዛ በእጅ።
"ተነሺ፣" አልኳት፣ "ቤተ እግዚአብሔር ነው፤ አይተኛም እንዲህ።"
"አልተኛሁም፣ እያየሁ ነው። ጀልባ እኮ ነው፣ አባ፣ ይህ!
የአባቴ ቅድመ አያቶች የሚያውቁት ጀልባ ብቻ ነው አሉ፤
ጣሪያ ሥሩ ሲባሉ፣ ጀልባ ሠርተው፣ ገልብጠው ሰቀሉ።"

"አውቃለሁ፣" አልኩ። አላውቅም።
ከሥሩ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሼ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም።

"ታዲያ ጀልባው ከተገለበጠ፣ ውሃው የቱ ጋ ነው?
እኛ ነን የሰጠምነው፣ ወይስ ሰማዩ ነው ባሕር ሆኖ ያለው?
ደግሞ ኢየሱስ፣ ያኔ በማዕበሉ ትራስ ላይ የተኛው፣
እዚህም ከተኛ፣ ተንሸራቶ እኛ ላይ አይወድቅም? ማነው የሚይዘው?"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ምሥጢር ነው" ልላት ቃጣኝ፤
ይህች ቃል ስንት ጠያቂ አባርራልኛለች፣ እንደ በር መቀርቀሪያ ስታገለግለኝ።
በወጣትነቴ አንድ መምህር "ጥያቄ የእምነት ብል ነው" ብሎኝ ነበር፤
እኔም አምኜው፣ ልቤን እንደ ክት ልብስ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ስቀብር፣
ሳልለብሰው አረጀ።

"ከቆሙማ አይታይዎትም፣" አለች፣ ሰነፍ ተማሪ እንደሚያባብል መምህር፤
"ወረድ ይበሉ እንጂ፤ ከዚህ ነው የሚታየው፣ ከምድር።"

ጉልበቴ ሰባ ዓመቱ ነው፤ ልብሴ ነጭ፤ ወለሉ ጭቃ፤
መንበርከክስ ለምጄዋለሁ፤ ከዚያ ዝቅ ማለት ሌላ ጥበብ ነው ለካ!
በክርኔ፣ በጎኔ፣ በስንት እህህታ ወረድሁ፣
እንደ ተገነደሰ ግንድ ከአጠገቧ ተዘረጋሁ።
ቅዝቃዜው ማጅራቴን ያዘኝ፤ እርጥብ ካልሲና የጠፋ ሻማ ሸተተኝ።

ከዚያ ጀልባው ታየኝ፤
ጎድን ጎድኑ፣ አከርካሪው፣ የመጥረቢያ ጥርስ ያረፈበት፤
አንዱ ሠሪ ስቶ የቆረጠው፣ ሌላው አዝኖለት የጠገነው ስንጣቂ፤
የደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም፣ በላዩም የቢጫ ከዋክብት።
"ሰባ አንድ ናቸው፣" አለች፤
"አንደኛው ግን የሸረሪት ድር ሳይሆን አይቀርም።"

"ኤደልሚራ፣" አልኩ፣ "ውሃው የት እንዳለ እኔም አላውቅም።"
ሃምሳ ዓመት ያልቀመስኳት ቃል ናት፤ እንደ ፈራኋት አትመርም።
"እኔም አላውቅ፣" አለች፣ ምንም ሳይደንቃት፤
"ለዚህ እኮ ነው የማየው።"

ኤሊዮዶሮ ትኩስ ድንች በቆቡ ይዞ ሊጠራን ገባ፤
አየን፤ ምንም አላለም፤ ቆቡን አስቀምጦ ቀና አለ፣ ወደ ጀልባ።

ኪሴን ዳበስሁ፤ ሁለት ከረሜላ ተርፎኛል፤
አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ላጥሁ።
ዝናቡ በጀልባው ሆድ ላይ፣ ከላይ ይሁን ከታች እንጃ፣ ይቀዝፋል።
"በይ፣" አልኳት፣ "ቀጥዪ።"