ቀይ ይቆይ

ወገል ጤና ላይ ነው፣ ከጤና ቢሮው ግድግዳ፣
እኔ ነኝ ቀለም የምሰጥ፣ ለቀበሌ ሰሌዳ።
ሦስት ፓርከር አለኝ፣ በጣቶቼ ሰክቼ፤
አረንጓዴው ነጠፈ፣ ለሁሉ ሰጥቼ።

ሰማንያ አምስት ካለፈ፣ ቀበሌው ለመለመ፤
ስድሳን ከሞላ ቢጫ ነው፣ ታመመ አልታመመ፤
ከዚያ በታች ያለው ቀይ ነው፤ ተፈረደ፤
ስሙ በስብሰባ መሐል ተዋረደ።

የጦይባ ቀበሌ፣ ወደ በሽሎ ወርዶ፣
ሦስት ሩብ ዓመት ሙሉ ቀይ ላይ ነው ተጥዶ።
"አርባ አንድ ይወለድ" ይላል ዕቅዱ በማኅተም፤
አሥራ ሁለት ተወልዷል፤ ከዚያ በላይ የለም።
አርባ አንድ ከየት መጣ? ከድሮ ቆጠራ ተባዝቶ፣
ሄዶ ያልተመለሰውን፣ የሞተውንም አስልቶ።
ተካፋዩ አሥራ ሁለት፣ አካፋዩ አርባ አንድ፤
ሃያ ዘጠኝ ከመቶ። ቀይ። ሌላ የለም መንገድ።

ኃላፊው አቶ ሙሄ፣ በሩን ገርበብ አርጎ፣
"ሰኞ ዞኑ ይመጣል" አለኝ፣ ድምፁን ሸሽጎ፤
"ቢጫ ብትሆን ምናለ፣ ትንሽ ቢለሰልስ፣
አሃዝ መቼስ ጨርቅ ነው፣ ሲስቡት የሚደርስ።"
ቢጫውን አንስቼ ክዳኑን ነቀልኩት፤
የገዛ እጄ ሲፈራኝ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ጦይባ ደረሰች ያኔ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ፣
መዝገቧ በፌስታል፣ በሻሿ ተሸብቦ።
ቁጭ ሳትል ገለጠች፣ ጣቷ ስም በስም ሄደ፤
"የዘምዘም ልጅ ይኸው፣ በቃሬዛ መጥታ፣ ንጋት ላይ ተወለደ።
ብርቄ ደም ፈሷት ነበር፣ ደሴ ድረስ ሸኘኋት፤
አሁን ጎመን ትሸጣለች፣ ሐሙስ ገበያ አየኋት።
አሥራ ሁለት ነፍሰጡር ነው በቀበሌው ያለኝ፤
አሥራ ሁለቱም ወለዱ፤ አንዲት እናት አልሞተችብኝ።
ባሎቹ ጅቡቲ ናቸው፣ ሴቶቹ ጅዳ ሄደው፤
ወረቀት ላይ ያረገዘን ማን ሄዶ ያዋልደው?"

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቢጫ ላርግልሽ ነበር" አልኳት፣ እንደ ደግ ሰው፤
ሳቀች፤ ሳቋ ነው ዛሬም ክፍሉን የሚያምሰው።
"ወንድሜ ኦፓል ይቆፍራል፣ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ፤
ድንጋዩ ቀይ ሲያበራ ነው፣ ዋጋ የሚጠራ ቀና ብሎ።
ገብሱም ቢጫ ሲል ነው፣ ማጭድ የምስልለት፤
ኅዳር አረንጓዴ ቢሆን፣ ውርጭ ነው የሚደርስለት።
ተወው፣ ቀዩ ይቆይ። ቢጫ ካረግከኝማ፣
ማን 'ለምን?' ብሎ ይወርዳል፣ ማን የወንዙን ድምፅ ይሰማ?
ድልድዩ ከፈረሰ ሁለት ክረምት አለፈው፤
እሱን በየትኛው ቀለም ነው የምትጽፈው?"

ሰኞ ዞኑ መጣ፤ አስፋልት ዳር ያለውን፣
አረንጓዴውን ጎብኝቶ፣ ፎቶ አንስቶ ሰሌዳውን፣
ምሳ በልቶ ተመለሰ።
"ለምን?" ያለ የለም።

እኔ ግን ማታ ብቻዬን፣ በእርሳስ፣ በቀዩ ዳር፣
"አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት" ብዬ ጻፍኩ፤
እንዳይታይ፣ እንዳይቀር።